ሰባቱ ወጡ፣ ሦስቱ ቀሩ

ኒውዮርክ ተቀምጠው የሰው ገንዘብ ሲያስተዳድሩ የኖሩት ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ኤቬያር ከ1997 መጸው እስከ 2000 ጸደይ ባለው ጊዜ ከአሥር ደንበኞቻቸው ሰባቱን አጡ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎቹ በዋናነት የሸሹት ገንዘባቸው ስለጠፋ አልነበረም። የጎረቤታቸው ገንዘብ ከእነሱ ይልቅ በፍጥነት ስላደገ ነው።

ኤቬያር የሚመሩት «ሶጄን ኢንተርናሽናል» የሚባል ሚውችዋል ፈንድ ነበር። የብዙ ሰው ቁጠባ በአንድ ቋት ይሰበሰባል፤ አንድ ባለሙያ በዚያ ገንዘብ አክሲዮን ይገዛል። ፈንዱ ደግሞ «ቫሊዩ» ከሚባሉት ወገን ነው። ሐሳቡ የመጣው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቤንጃሚን ግራሃምና ዴቪድ ዶድ በ1934 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። አንድ ኩባንያ በንብረቱና በትርፉ ሲመዘን መቶ ብር የሚያወጣ ከሆነና ገበያው በስልሳ ከሸጠው፣ ገዝቶ መጠበቅ ነው። ቀላል ይመስላል። ጣጣው መጠበቁ ላይ ነው። ስልሳ የነበረው አርባ ሊገባ ይችላል፤ ለዓመታትም እዚያው ሊተኛ ይችላል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የሆነውም ይኸው ነው። ከኢንተርኔት ጋር ስሙ የተነሳ ሁሉ ተወደደ። ናስዳቅ በ1999 ብቻ 85 በመቶ ጨመረ። ሳንቲም አትርፈው የማያውቁ ኩባንያዎች በቢሊዮን ዶላር ሲተመኑ፣ ለዓመታት ያተረፉ ተራ ፋብሪካዎችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጠያቂ አጡ። «ባሮንስ» የተባለው የፋይናንስ ሳምንታዊ በታኅሣሥ ወር ዋረን ቡፌትን ሳይቀር የፊት ገጹ ላይ አውጥቶ «ምን ነካቸው?» የሚል ጥያቄ አነሳባቸው። የኩባንያቸው አክሲዮን በዚያ ዓመት 20 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጁሊያን ሮበርትሰን ነው። የሳቸው «ታይገር» ሚውችዋል ፈንድ ሳይሆን የባለሀብቶች ሄጅ ፈንድ ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነበር። በ1998 ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ገንዘብ፣ ከፊሉ በኪሳራ፣ ከፊሉ ደንበኛ በማውጣቱ ወደ 6 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ማርች 30 ቀን 2000 ላይ «ይህ ገበያ አይገባኝም» በሚል መንፈስ ፈንዱን እንደሚዘጉ አስታወቁ። ናስዳቅ ጣሪያውን ነክቶ መውረድ የጀመረው ማርች 10 ነበር። ሃያ ቀን ብቻ! ከዚያ በኋላ ናስዳቅ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ ዋጋውን አጣ። ርካሽ የሆኑ ትናንሽ ኩባንያዎችን የሚከተለው «ራስል 2000 ቫሊዩ» የተባለ መለኪያ ግን በ2000 ከ22 በመቶ በላይ፣ በ2001 ደግሞ 14 በመቶ አደገ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ወደኋላ የቀረ ቫሊዩ ፈንድ ሲገኝ ገዝቶ መታገስ ብቻ ይሆን ነበር። ግን አላበቃም።

ቢል ሚለር «ሌግ ሜሰን ቫሊዩ ትረስት» የተባለውን ፈንድ ሲመሩ ከ1991 እስከ 2005 ድረስ 15 ዓመት በተከታታይ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በለጡ። እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ አልነበረም። በ2006 ሰንሰለቱ ሲበጠስ፣ በ2007ም ሲደገም፣ የ1999ን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ምን ይላል? «ጊዜው ነው፣ አሁን መግባት ነው» ይላል። ሚለርም የወደቁ የፋይናንስ ኩባንያዎችን አክሲዮን ገዙ፤ ቤር ስተርንስ፣ ኤ አይ ጂ፣ ፍሬዲ ማክ። በ2008 ኤስ ኤንድ ፒ 37 በመቶ ሲወርድ የሚለር ፈንድ 55 በመቶ ወረደ። 55 በመቶ የከሰረ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ ቀሪው ገንዘብ ከ120 በመቶ በላይ ማደግ አለበት። ሚለር በ2012 ፈንዱን ለተተኪ አስረከቡ።

ሁለቱም «ቫሊዩ» ይባላሉ፤ ሁለቱም ከገበያው ወደኋላ ቀርተው ነበር። ልዩነቱ ግን ቋቱ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነበር። በ1999 እነኤቬያር የያዟቸው ኩባንያዎች በአብዛኛው ሥራቸውን እየሠሩ፣ ትርፋቸውን እያስገቡ ነበር፤ የወረደው ዋጋቸው ብቻ ነው። በ2008 የወደቁት የፋይናንስ ኩባንያዎች ግን ርካሽ የመሰሉት ባለፈው ዓመት የሒሳብ መዝገብ ሲመዘኑ ነው። በመዝገቡ «ንብረት» ተብሎ የተጻፈው የቤት ብድር ነበር፤ ብድሩም በየሳምንቱ እየቀለጠ ነበር። ከራሳቸው ካፒታል ብዙ እጥፍ ተበድረው ስለሚሠሩም ትንሽ ቅናሽ ካፒታላቸውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ይህ ርካሽ አይደለም። ገና ዋጋው ወርዶ ያላለቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። የሚለር ፈንድ በ1990ዎቹ የበለጠው ዴልንና አሜሪካ ኦንላይንን የመሳሰሉ የቴክኖሎጂ አክሲዮኖችን ይዞ ነው። ኤቬያር እነዚህን አልነካም ብለው ነው ደንበኛ ያጡት። «ቫሊዩ» የሚለው ስም በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ ውስጡን የሚነግረው በየጊዜው የሚወጣው የይዞታ ዝርዝር ነው። አብዛኛው ቆጣቢ ግን ዝርዝሩን አይከፍተውም።

ከፈንዱ የሚወጣው ሕዝብም የራሱ ጉዳት አለው። በአሜሪካ ሕግ ሚውችዋል ፈንድ ድርሻውን መልሶ ለሚሸጥ ሰው ቢበዛ በሰባት ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ሰው ሲጎርፍ አስተዳዳሪው ዋጋው በወደቀበት ቀን እየሸጠ ይከፍላል፤ የሽያጩ ጉዳት የሚወድቀው በቀሩት ላይ ነው። የሚለር ፈንድ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በ2008 መጨረሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲቀረው፣ ከፊሉ በር ጥሶ የወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ የተጎዳ ፈንድ ጥሩ ዕቃ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ባለድርሻዎቹ የሚሸሹበት ፍጥነትም መታየት አለበት።

ትዕግሥትስ ስንት ዓመት ነው? ከ2007 በኋላ ቫሊዩ በአሜሪካ ከአሥር ዓመት በላይ ከቴክኖሎጂው ኋላ ቀረ። በ2010 «ሦስት ዓመት ተጎድቷል፣ ይበቃዋል» ብሎ የገባ ሰው ሌላ አሥር ዓመት ጠበቀ። የዘገየበት ዘመን ርዝመት ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው በርካሹና በውዱ አክሲዮን መካከል ያለው የዋጋ ርቀት ነው፤ ያ ርቀት በ2010 ገና ጠባብ ነበር፤ በ2020 ግን በብዙ መለኪያ ከ1999 ጋር የሚወዳደር ሆነ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ፊላደልፊያ ያለው «ኤ ጄ ኦ» የተባለ ድርጅት፣ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስተዳድር፣ ቫሊዩ አልሠራ አለ ብሎ መዝጊያውን አስታወቀ። በ2022 «ራስል 1000 ግሮውዝ» 29 በመቶ ሲወርድ «ራስል 1000 ቫሊዩ» የወረደው 7.5 በመቶ ብቻ ነበር። ሮበርትሰንን ያየ ሰው ይህንን ሲያይ ምን ይበል?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የጡረታ ቁጠባቸው፣ «ፎር ኦ ዋን ኬ» የሚሉት፣ በእንዲህ ያለ ፈንድ ውስጥ ነው። አሠሪው የሚያቀርበው ዝርዝር ላይ የአንድ፣ የአምስት፣ የአሥር ዓመት ውጤት በቁጥር ተደርድሮ ይመጣል፤ ምርጫው ብዙ ጊዜ ትልቁን ቁጥር መንካት ነው። «ሲ ጂ ኤም ፎከስ» የተባለው ፈንድ (ቫሊዩ ባይባልም) ይህን በግልጽ ያሳያል። እስከ 2009 ባሉት አሥር ዓመታት በአማካይ 18 በመቶ በዓመት አተረፈ። የፈንዱ አማካይ ቆጣቢ ግን በሞርኒንግስታር ስሌት 11 በመቶ በዓመት ከሰረ። በ2007 ፈንዱ 80 በመቶ ሲያድግ ቢሊዮኖች ጎረፉለት፤ በ2008 48 በመቶ ወረደ።

ወደ ኤቬያር ስንመለስ፣ ሰባቱ ከሄዱ በኋላ ገበያው ዞረላቸው። ሞርኒንግስታር በ2003 የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጣቸው፤ ፈንዱም ስሙን ቀይሮ «ፈርስት ኢግል ግሎባል» ሆኖ ዛሬ በአሥር ቢሊዮኖች ዶላር ያስተዳድራል። ከሄዱት መካከል ተራ ቆጣቢዎች ብቻ አልነበሩም። የፈንዱ አስተዳዳሪ ኩባንያ ባለቤት የነበረው የፈረንሳዩ ሶሲዬቴ ዤኔራል ባንክም በ1999 መጨረሻ፣ ናስዳቅ ጣሪያውን ሊነካ አሥር ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ድርሻውን ሸጦ ወጣ።