ጠብመንጃ በዋስ፣ ጠብመንጃ በወረቀት

የጉባ ወረዳ ዛሬ የሚታወቀው በህዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ወዲህ ስለ ቦታው የሚነገረው ሁሉ የውኃና የመብራት ወሬ ሆኗል። ከዚያ በፊት ግን ከጉባ እስከ አሶሳና ኩርሙክ የተዘረጋው ጠረፍ ስሙ የሚነሣው በወርቅ፣ በባሪያና በጠብመንጃ ነበር። በዚህም አገር ሆነ በጎረቤቱ ጎጃም፣ ግለሰብ ለግለሰብ መሣሪያ ሲሸጥ ወረቀት የሚሸሸው ስላልሠለጠነ ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። እኔ አልስማማም። ሰዉ ወረቀት የሸሸው ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባና ምን እንደሚያመጣ ደጋግሞ ስላየ ነው።

በኢትዮጵያ የመሣሪያ ወረቀት የተጀመረው ከላይ ነው። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠብመንጃ ከታጁራ በግመል አስጭኖ ሸዋ ገባ። እንጦጦ ላይ ምኒልክ ዋጋውን አሳነሱበት፤ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳም ከሒሳቡ ተቀነሰ። ለቀረው በጥሬ ብር ፈንታ ሐረር ላይ ገዢው መኮንን (በኋላ ራስ) እንዲከፍሉት ወረቀት ተጻፈለት። ሐረር ሲደርስ ደግሞ ምጽዋ የሚመነዘር ሌላ ወረቀት ተሰጠው። ያም ሆኖ ወረቀቱ ዋጋ ነበረው፤ ከጀርባው መንግሥት ቆሟልና። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰነዶች፣ ከ1882ቱ የብራስልስ ስምምነት አንሥቶ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር እስከ ተፈረመው የመሣሪያ ውል ድረስ፣ በመሣሪያ በኩል ዋና ጭንቀታቸው በየትኛው ወደብ፣ በማን ፈቃድ ይግባ የሚል ነበር። ከገባ በኋላ ገበሬ ለገበሬ እንዴት ይሽጠው ለሚለው እምብዛም አልተጨነቁም።

ጠረፉ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ አስገበረ። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን መጀመሪያ አዲስ አበባ ታስረው ቢቆዩም ተመልሰው ወርቅ እየገበሩ እስከ ጣሊያን ዘመን ገዙ። ጠብመንጃው የነበረው በገዢው ቤትና በአሽከሮቹ ትከሻ ላይ ነው፤ ቤርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦውና ኮሞው አብዛኛውን ጊዜ የቆመው በአፈሙዙ ፊት ነበር። የኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና በ1920 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ የተያዙት በባሪያ ንግድ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈረመው የድንበር ውል ቤርታን ለሁለት ከፍሎ ስለነበር፣ ባሪያም ጠብመንጃም የሚሻገርበት መስመር በወረቀት እንጂ በምድር ላይ ጎልቶ አይታይም ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው መሣሪያ ሲገዛ መግዛቱን የሚያውቀው ሰው እንዲበዛ አይፈልግም፤ በዚህ ልወቅሰው አልችልም።

ታዲያ ሻጭና ገዢ በምን ተማመኑ? በደጋው ልማድ በዕቃውና በዋስ ነው። ገዢው መቀርቀሪያውን ስቦ በርሜሉን ወደ ብርሃን ያያል፤ መውዘር ከሆነ በአካሉና በመቀርቀሪያው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆኑን ያመሳክራል። ቁጥሩ ከተለያየ አንዱ አካል ከሌላ ጠብመንጃ ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ዋጋው ይወርዳል፣ ጥያቄውም ይበዛል። ዋሱ የሚጠራው ለዚህ ነው፦ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ ወይም መሣሪያው የሰው ደም ያለበት ሆኖ ቢገኝ ሻጩን ፈልጎ ለማቅረብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ለመሸጥ ጽሑፍ ግድ አይልም፣ ዕቃውን በእጁ የያዘውንም ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። የዋስ ብልሃቱ ምሥጢርን በልክ መያዙ ነው። ባላጋራ ያለበት ሰው ጠብመንጃውን መሸጡ ገበያ ቢወጣ ባዶ እጁን መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ምስክር ግን ሲጠየቅ ይናገራል፣ ሳይጠየቅ ዝም ይላል።

መዝገብ እንዲህ ዝም አላለም። ጣሊያን ጎጃምን ትጥቅ ላስፈታ ሲል በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. ያተረፈው አመፅ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ፣ ከቀደሙት ቅሬታዎቹ አንዱ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ጠብመንጃውን እየከፈለ እንዲያስመዘግብ ማዘዛቸው ነበር። ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይወሰዳል ብሎ ጠረጠረ። (ግድቡ የቆመበት መተከል ያን ጊዜ የጎጃም አውራጃ እንደ ነበር ልብ ይሏል።) በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት መሣሪያ አስፈተሸ። ይህን ያየ ሰው ቁጥሩን በመዝገብ ለማስፈር ቢያመነታ ድንቁርና ነው ለማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተገደለ። በዝምታ የሚዞር መሣሪያ እንዲህ ካደረሰ፣ የሻጭና የገዢ ምሥጢር ምን ያህል ሊከበር ይገባል? ጥያቄው የሚገባ ነው፣ የዋስንም ደካማ ጎን ያጋልጣል። ዋስ የሚሠራው ሻጭ፣ ገዢና ምስክር በአንድ ለቅሶ በሚገናኙበት አገር ነው። ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚኖሩበት፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ብዙ ሺህ ሰፋሪ በመጣበት መተከል፣ አንዱ የጠራው ዋስ ለሌላው ማንም አይደለም። የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ለመጣ ክላሽማ ዋስ የሚሆን አይገኝም። በእንግዶች መካከል ወረቀት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ከልማዱ ጋር አልቆምም። ሻጩንም ቢሆን የሚጠቅመው ወረቀት ነው፤ መሣሪያው ዛሬ ከእጁ ወጥቶ ከወር በኋላ ሰው ቢገደልበት፣ ቀን ያለበት ፊርማ ከማንም ምስክር ይልቅ ያድነዋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ከልክሎ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ደግሞ በእጅ ያለው ተመዝግቦ በፈቃድ እንዲያዝ በር ይከፍታል። ምዝገባ ሁሉ የማስፈታት ዋዜማ ነው የሚለው ጎጃሜ ጥርጣሬ በዚህ አዋጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ ግን ጥርጣሬውን የሚያበርደው የአዋጁ አንቀጽ ሳይሆን የመዝገቡ አያያዝ ነው። ዋስ ይመልሰው የነበረው ጥያቄ ጠባብ ነበር፦ ይህ ቁጥር ያለው መሣሪያ በየትኛው ቀን ከማን ወደ ማን አለፈ፣ ማንስ አየ። የወረዳው መዝገብ በዚህ ሊበቃው ይችላል። የያዡ ብሔር፣ የዘመዶቹ ስምና የመሬቱ ስፋት አብሮ ከተጻፈ፣ መዝገቡም ወንጀል በሚመረምር መርማሪ እጅ ብቻ መቅረቱ ቀርቶ ለየስብሰባው የሚነበብ ከሆነ፣ አሶሳም ሆነ ቡለን ያለው ባለ መሣሪያ የ1960ውን ገበሬ መንገድ ይከተላል፤ የሚመዘገበውም አሮጌው ጓንዴ ብቻ ይሆናል።