የሳይበር ደህንነት፡- ወጪ ወይስ ኢንቨስትመንት?

በብዙ ድርጅቶቻችን የሳይበር ደህንነት ጉዳይ የ«አይቲ ክፍሉ» ሥራ ተደርጎ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄው ሲቀርብለት «ለመሆኑ ምን ያስገባልናል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ባለሙያዎች የመረጃ ደህንነትን በሦስት ይከፍሉታል፡- ሚስጥራዊነት፣ ትክክለኛነትና ተደራሽነት። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ኪሳራው በብር ይቆጠራል።

ትክክለኛነት ሲጓደል ምን እንደሚከተል ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። ሆኖም ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታውቆ፣ አብዛኛውን ለማስመለስ ሳምንታት ፈጅቶበታል። ይህ የሚያሳየው አደጋው ከውጭ በሚመጣ ሰርጎ ገብ ብቻ የማይወሰን መሆኑን ነው። ሲስተም ሲቀየር በቂ ሙከራና ቁጥጥር ማድረግም የደህንነት ሥራ ነው።

ከውጭ ለሚመጣው ደግሞ የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርጎ ገቦች በስዊፍት በኩል ሐሰተኛ የክፍያ ትዕዛዝ ልከው 81 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። የአገሪቱ መርማሪ በወቅቱ እንደተናገሩት ባንኩ ፋየርዎል ያልነበረው ሲሆን፣ የሚጠቀምባቸው የኔትወርክ ዕቃዎችም በ10 ዶላር የተገዙ አሮጌዎች ነበሩ። ቁጠባው ስንት እንዳስከፈለ አንባቢ ይፍረድ።

ተደራሽነትን በተመለከተ የሰሜን ወሎ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወልዲያና አካባቢው በጦርነቱ ሲያዙ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ተቋማት ተዘርፈዋል። ሰነዱ በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ብቻ የተቀመጠ ድርጅት፣ ኮምፒውተሩ ሲወሰድ ተበዳሪዎቹንም አብሮ ያጣል። በሌላ ከተማ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ ግን አይዘረፍም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሲስተም መግባትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ይህ ወንጀለኛውን ይመለከታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን መረጃውን በያዘው ድርጅት ላይ የጥበቃ ግዴታ ይጥላል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) መሠረት ደግሞ የቦርድ አባላት የጥንቃቄና የትጋት ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ «የአይቲ ክፍሉ ጥፋት ነው» የሚለው መከላከያ ቦርዱን ነፃ ላያወጣው ይችላል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሥራው ለአንድ ቀን ቢቆም ስንት ይጠፋል? ይህ የመድረስ ዕድሉስ ምን ያህል ነው? መከላከያው ስንት ያስወጣል? ሦስተኛው ቁጥር ሁለቱ ተባዝተው ከሚሰጡት ካነሰ ኢንቨስትመንቱ አዋጭ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ባንኮች ብቻም አይደለም። መርሳ ላይ ፍራፍሬ ለመኪና ጭኖ ክፍያውን በስልኩ የሚቀበል ነጋዴ የሚስጥር ቁጥሩን ለተላላኪው ከነገረ፣ ካዝናውን ክፍት ትቶ ወደ ቤቱ እንደገባ ይቆጠራል። ለእሱ መከላከያው ምንም አያስወጣውም፤ ለትልልቆቹ ግን በጀት ይጠይቃል። በጀቱ የሚያዘው ደግሞ ከጥፋቱ በፊት ነው።