ከሙዚቃ አካደሚ ወደ ዘፈን መድረክ
(የጆ ጃክሰን ታሪክ)

አንድ ልጅ ብዙ ዓመት ተምሮ ወደ ዘፈን ያዘነበለ እንደ ሆነ፤ «ይህን ሁሉ የደከመው አዝማሪ ለመሆን ነውን?» እየተባለ መታማቱ በአገራችን የተለመደ ነው። ወላጆችም ትምህርቱ እንደ ባከነ ቈጥረው ያዝናሉ። በእውነት ይባክናልን? ይህን ለመመርመር ስንል በከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ «አዲስ ማዕበል» የተባለው የዘፈን ስልት ድምፃዊ ስለ ሆነው ስለ እንግሊዛዊው ጆ ጃክሰን ጥቂት እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጃክሰን በ1954 ዓ.ም. በርተን አፖን ትሬንት በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን የጦር መርከቦች በሚያርፉባት በፖርትስመዝ ወደብ ነው። በልጅነቱ አስም ያስጨንቀው ነበር። በ11 ዓመቱ ቫዮሊን መማር ጀመረ፤ ብዙም ሳይቈይ ወደ ፒያኖ ዞረ፤ ምኞቱም የሙዚቃ ደራሲ መሆን ነበር። 16 ዓመት ሲሆነው በመጠጥ ቤት ፒያኖ እየመታ ገንዘብ ያገኝ ጀመር። ቀጥሎም በ1822 ዓ.ም. በተቋቋመው በሎንዶኑ ንጉሣዊ የሙዚቃ አካደሚ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ የሙዚቃ ድርሰት ተማረ።

ከትምህርቱ በኋላ ግን የተቀበለው ክብር አልነበረም። ከጓደኞቹ ጋር ያወጣቸው ሸክላዎች አልተሸጡም። ስለዚህ በፖርትስመዝ በአንድ የምሽት ክበብ ፒያኖ እየመታ፤ የራሱን ዘፈኖች ለመቅረጽ የሚበቃ ገንዘብ አጠራቀመ።

በዚያን ጊዜ፤ ማለት በ1976 እና በ1977 ዓ.ም.፤ ፓንክ የሚባለው የወጣቶች ሙዚቃ እንግሊዝን ያናውጥ ነበር። የፓንክ ወጣቶች የጊታር ሦስት አኮርድ ያወቀ ሁሉ መድረክ ላይ ሊወጣ ይችላል ባዮች ነበሩ። አዲሱ ማዕበል ይህን ተከትሎ የመጣ ሲሆን፤ የፓንክን አጭርነትና ፍጥነት ይዞ ለዜማውና ለግጥሙ የበለጠ ተጨነቀ። እንግዲህ የአካደሚው ልጅ የገባው ትምህርት እንደ ነውር በሚታይበት ሰፈር ነው!

በ1979 ዓ.ም. «ሉክ ሻርፕ» የተባለውን የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። ከእርሱ ጋር የተጫወቱት ባስ መቺው ግራሃም ማቢ፤ ጊታር መቺው ጌሪ ሳንፎርድና ከበሮ መቺው ዴቭ ሃውተን ብቻ ናቸው። እኛ እንደምናስተውለው የተማረው ሰው እጅ የሚታወቀው በተወው ነገር ነው። ጊታሩ ሁሉን አይሞላም፤ ባሱ ጎልቶ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ይሄዳል፤ በመካከሉም ባዶ ቦታ አለ። ድምፅን መደርደር ብዙ ሰው ይችላል፤ መቀነስ ግን ልምምድ ይፈልጋል። «ኢዝ ሺ ሪሊ ጎይንግ አውት ዊዝ ሂም?» የተባለው ዘፈኑ በ1978 ዓ.ም. ሲወጣ ልብ ያለው አልነበረም፤ በ1979 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ ግን በእንግሊዝ 13ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ይደግመው ነበር። እርሱ ግን በ1981 ዓ.ም. የ1940ዎቹን የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ ተጫወተ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ኒውዮርክ ሆኖ ጊታርን ከሞላ ጐደል ትቶ፤ በፒያኖና በላቲን አሜሪካ ከበሮዎች «ናይት ኤንድ ዴይ» የተባለውን ሠራ። ከዚሁ «ስቴፒን አውት» የተባለው ዘፈን በእንግሊዝም በአሜሪካም 6ኛ ሆነ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ዘፈን የሌለበትን «ዊል ፓወር» የተባለውን የኦርኬስትራ ሥራ ባወጣ ጊዜ ግን ገዢው ጥቂት ነበር። አድማጭ የለመደውን ይፈልጋልና። ቢሆንም ጃክሰን ከምኞቱ አልተመለሰም፤ በ1999 ዓ.ም. ባለ አራት ክፍል «ሲምፎኒ ቁጥር 1» አወጣ። የተጫወቱለትም እንደ ተለመደው ትልቅ ኦርኬስትራ ሳይሆን የጃዝና የሮክ ሰዎች ናቸው፤ ከነርሱም መለከት ነፊው ቴረንስ ብላንቻርድና ጊታር መቺው ስቲቭ ቫይ ይገኛሉ። ይህ ሥራ በ2001 ዓ.ም. ግራሚ የተባለውን ሽልማት አገኘ። የሚያስገርመው ግን ሲምፎኒው የተሸለመው ከክላሲካል ሥራዎች ጋር ተወዳድሮ ሳይሆን፤ ዘፈን በሌለው የፖፕ ሙዚቃ ክፍል መሆኑ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላም እነዚያኑ ሦስት የቀድሞ ጓደኞቹን ሰብስቦ «ቮልዩም ፎር» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ።