አግሮኖሚን በኮሌጅ መማር፦ ከክፍል ወደ ማሳ የሚያደርስ የሙያ ጅማሮ

አግሮኖሚ ሰብልን ከሚበቅልበት አፈር፣ ከአየር ጠባዩና ከአርሶ አደሩ አሠራር ጋር አያይዞ የሚያጠና የግብርና ሳይንስ ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርቱ በኮሌጅ ደረጃ መሠረት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1952 ከዛሬው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ በጅማ ማስተማር ጀምሮ ኋላ ሐረር አቅራቢያ ወደምትገኘው ዓለማያ ተዛወረ፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ የመጣ ነው። ኮሌጁ ገና ከጅምሩ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጧል። የሙያው ጥንካሬም ዛሬም ድረስ የሚለካው እነዚህ ሦስቱ ተነጣጥለው ባለመቅረታቸው ነው።

ተማሪው የአፈር ሳይንስ፣ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ የሰብል ጥበቃና ስታቲስቲክስ ይማራል። ከእነዚህ ብዙዎች የሚፈሩት ስታቲስቲክስ ለማሳ ሥራ የግድ ያስፈልጋል። የአንድ ማሳ አፈር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ታችኛው ጫፍ ውኃ ይተኛበታል፣ ላይኛው ይሸረሸራል። ማዳበሪያ ያገኘውና ያላገኘው መደብ በዕጣ ተደልድለው ካልተደጋገሙ፣ የአፈሩ ልዩነት የማዳበሪያው ውጤት መስሎ ይታያል።

የጤፍ ታሪክ ትምህርቱ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያሳያል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኗም በላይ ራሷን በራሷ ስለምታዳቅል፣ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አበባዋ የምትከፈትበትን የማለዳ ሰዓት ከለዩ በኋላ ግን መንገዱ ተከፈተ። አዳቃዩ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ወንዴ ክፍሎቿን በቀጭን ወረንጦ ነቅሎ የሌላውን ዝርያ ብናኝ ያሳርፍባታል። የዱከም ዝርያን ምርታማነት ከማኛ ጤፍ ንጣት ጋር ያጣመረው «ቁንጮ» የተባለ ዝርያ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው በዚህ ዘዴ ነው።

የማሽላም ታሪክ ከዚህ ይመሳሰላል። ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ ከዓለማያ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመርቀው ጥናታቸውን በአሜሪካ ቀጠሉ። በማሽላ ላይ ያተኮረው ሥራቸው፣ በተለይም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማውጣታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ሳይታይ ከማሽላው ሥር ጋር ይጣበቅና ምግቡንና ውኃውን ይመጠምጣል፤ ስለዚህ በቅሎ ሲታይ መንቀሉ ብቻ ሰብሉን አያድንም። ዘሩ የሚበቅለው ከማሽላው ሥር በሚወጣ ኬሚካል ተቀስቅሶ ነው፤ ያንን ቀስቃሽ በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ መምረጥ ታዲያ ከተቻሉት መፍትሔዎች አንዱ ሆነ።

አብዛኛው ተመራቂ ግን ሥራውን የሚጀምረው ከምርምር ጣቢያ ሳይሆን ከቀበሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሲስፋፉ፣ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዶ ነበር። የልማት ሠራተኛው በመስመር መዝራትን፣ የዳፕና የዩሪያን አጠቃቀም፣ የዋግ ምልክትን ሲያስረዳ፣ ልምዱ ከእርሱ የሚልቅ አርሶ አደር ፊት ይቆማል። በተማሪነቱ ከዘር እስከ ውቂያ አንድ ወቅት ሙሉ በማሳ ያላሳለፈ ወጣት ይህን ፈተና በማስታወሻ ደብተር ብቻ አይወጣውም፤ የተግባር ልምምድ በበጀት እጥረት ምክንያት ሲቆረጥ የሚጎዳውም ከሁሉ በላይ ይኸው ወጣት ነው። ዘር አባዢ ድርጅቶች፣ የመስኖና የአበባ እርሻዎች፣ የምርምር ማዕከላትና የማስተማር ሥራ ሌሎቹ በሮች ናቸው፤ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያልፉትም የምርምር ጥያቄያቸውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በሠሩበት ቀበሌ ካዩት ችግር ነው።