የአባላት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ዋነኛ ንብረቱ መዝገቡ ነው። የአባሉ ስም፣ የዕጣው ብዛት፣ ያስረከበው ምርትና የሚደርሰው የትርፍ ክፍፍል ያለው እዚያ ላይ ነው። ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት እንደገና ሲደራጁ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚሠራው በባሕር መዝገብ፣ በካርቦን ወረቀትና በጽሕፈት መኪና ነበር። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ጊዜ የሚፈጅ ቢሆንም አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ የተጻፈውን ማንም ሰው የትም ሆኖ ያነበዋል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በከተማችን ምዕራብ በኮልፌ ቀራኒዮም ቃለ ጉባኤና የአባላት ዝርዝር በገጽ እየተከፈለ በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ይጻፍ ጀመር። ወረቀቱ ሲያምር ሁሉም ደስ አለው፤ ዲስኬቱን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው።

ችግሩ ከፊደላችን ብዛት ይመነጫል። የዘመኑ አሠራር ለአንድ ፎንት የሚፈቅደው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘው ይቀነሳል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ቧ፣ ሏ፣ ቋ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉበት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው ሆሄውን ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። በአሜሪካ እነ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው፣ በአገር ውስጥ አጋፋሪ፣ በኋላም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች ይህን ጥያቄ እንደየስልታቸው መለሱ። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባል። ይሁንና መልሱ አንድ ዓይነት አልነበረም።

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጡት «ከ»ን ሳይሆን አንድ የላቲን ምልክት ነበር። የግዕዝ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የአባሉ ስም ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። የአንዱን ጽሕፈት ቤት ዲስኬት ይዞ አየር ጤና የደረሰ ሰው፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር የሌላ ፕሮግራም ከሆነ ሁሉን እንደገና ማስጻፍ ግድ ይሆንበታል። በሁለተኛው ጽሕፈት ደግሞ ስም ይዘለላል፣ ቁጥር ይሳሳታል።

የቀን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ዛሬም ያላለቀ ነው። ጥቅምት 30ን በ30/2 የጻፈ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚቆጥረው ቀኑን እንደ ቀን አይቀበለውም፤ ሰነዶቹ በቀን ሲደረደሩ ያ መስመር ቦታውን ይስታል። ጳጉሜን 5ን በ5/13 ቢጽፍ ደግሞ በአሜሪካ አቆጣጠር የተስተካከለው ኮምፒውተር ሜይ 13 ነው ብሎ ዝም ይላል። ከማይቀበለው ይልቅ ተሳስቶ የሚቀበለው የባሰ ነው፤ ለኦዲተር አይታይም።

የፊደሉ ችግር መፍትሔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ከ» የትም ቢከፈት «ከ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ለውጡ ግን በአንድ ጀምበር ቢሮዎች አልደረሰም፤ የለመዱትን ፎንት መተው የለመዱትን ዘር እንደ መተው ነው።

አሮጌዎቹ ፋይሎች በራሳቸው ወደ ዩኒኮድ አይቀየሩም። በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፉ ታውቆ በመቀየሪያ መቀየር፣ ከዚያም ከባሕር መዝገቡ ጋር ስም በስም መመሳከር አለባቸው። ዲስኬት ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተርም እንደ ልብ አይገኝም። በማመሳከሩ ጊዜ ኃይሉ፣ ሃይሉና ሐይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለመዝገቡ ግን አንድ አባል ሊሆኑ ይችላሉ። የመዝገብ ቁጥሩ አብሮ ካልታየ አንዱ ሁለት ጊዜ ክፍፍል ይወስዳል፣ ወይም ዕጣ የከፈለ አባል ከዝርዝሩ ይወጣል።