የዓድዋ ድልና የአገው ፈረሰኞች፦ ከእንጅባራ ሜዳ እስከ ምሥራቅ አዲስ አበባ

የካቲት 23 ኢትዮጵያውያን በአንድነት ከሚያከብሯቸው ብሔራዊ በዓላት መካከል ዋነኛው ነው። ከእርሱ ልክ 30 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 23፣ በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሆነችው እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ሁለቱ በዓላት በቦታ ቢራራቁም የሚዘክሩት አንድ ታሪክ ነው፤ የአገር ነፃነትን ያስከበሩ አርበኞችንና የተሸከሟቸውን ፈረሶች።

የድሉ መነሻ

የጦርነቱ ምክንያት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነበር። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ እንደምትችል ሲገልጽ፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ውሉን ካፈረሱ በኋላ በ1888 ዓ.ም. መባቻ የክተት አዋጅ አስነገሩ። የማዕከላዊው ጦር መሰብሰቢያ ወሎ ውስጥ የምትገኘው ወረኢሉ ሆነች።

ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሐረርና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጣው ሕዝብ 100 ሺህ ያህል እንደነበር ይገመታል። ገበሬው ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ መሣሪያውን አንግቦ ዘመተ። በአምባላጌና በመቀሌ ጠላትን ካሸነፈ በኋላ፣ እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች መካከል የጄኔራል ባራቲዬሪን ጦር በአንድ ቀን ውጊያ ድል አደረገ። ከጣሊያን ጄኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሲሞቱ አልቤርቶኔ ተማረከ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አወቀች።

ፈረስ በጦርነቱ

በዚያ ዘመን ፈረስ ለጦረኛው መጓጓዣም የክብር መጠሪያም ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ እየተባሉ የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረሰኛው ጦር ቅኝት ያደርግ፣ መልእክት ያደርስ፣ የሚያፈገፍገውን ጠላትም ያሳድድ ነበር። የድሉ መታሰቢያ ከፈረስ ጋር የማይነጣጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

የፈረሰኞች ማኅበር

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ጣሊያን ለሁለተኛ ጊዜ ወርራ ገና ከአገር ያልወጣችበት ነበር። መሥራቾቹ በዓድዋና ከዚያም በኋላ በተደረጉት ተጋድሎዎች የወደቁ አርበኞችና ፈረሶቻቸው እንዳይረሱ አስበው ጀመሩት። ጥር 23 የተመረጠው ወር በገባ በ23 የሚታሰበው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ የሚሣል ሰማዕት በመሆኑና የዓድዋም ድል በዕለቱ የተገኘ በመሆኑ ነው።

ማኅበሩ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። በበዓሉ ቀን ከየወረዳው የሚመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በኮርቻ፣ በልጓምና በልዩ ልዩ ጌጥ አስጊጠው በሰልፍ ያልፋሉ፤ በጉግስና በግልቢያም ይወዳደራሉ። የማኅበሩ ፋይዳ ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም። አባላቱ በደስታም በሐዘንም ይረዳዳሉ፤ የተጣሉትንም በሽማግሌ ያስታርቃሉ። በዓሉ በዓለም አቀፍ ቅርስነት እንዲመዘገብ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። ኢትዮጵያ መስቀልን፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ የገዳ ሥርዓትን፣ ጥምቀትንና ሹዋሊድን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስመዝግባለች።

በዓሉ በአዲስ አበባ

በመዲናዋ የዓድዋ በዓል ማዕከል ፒያሳ የሚገኘው የምኒልክ አደባባይ ነው። በአቅራቢያው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይገኛል፤ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም የተሠራው በዚሁ አካባቢ ነው። በፈረስ ላይ የተቀመጡት የምኒልክ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

በምሥራቁ የከተማዋ ክፍልም መታሰቢያው ይታያል። በየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪው በየዕለቱ የሚመላለስበት አንድ ስፍራ ዓድዋ ድልድይ ተብሎ ይጠራል። ቦሌ ደግሞ ሌላ ታላቅ ብሔራዊ በዓል አስተናግዳለች፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፊት ለፊት የሚገኘው ሚሌኒየም አዳራሽ የተሠራው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ነበር። በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ከልዩ ልዩ ክልሎች የመጡ ሰዎች በአንድ ግቢና በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ይኖራሉ። በዓሉ ሲቃረብ ተማሪዎች የአርበኛ ልብስ ለብሰው፣ ጋሻና ጦር ይዘው በየትምህርት ቤታቸው ድሉን ይዘክራሉ። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የሸዋውና የሐረሩ ልጅ በአንድ ሰልፍ ሲቆም የ1888 ዓ.ም. ዘመቻ ምን ይመስል እንደነበር በትንሹ ያሳያል።

ቅርሱ የሚጠበቀው በፈረሱ ነው

የፈረሰኞች በዓል ያለ ፈረስ ሊኖር አይችልም። በኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሉ ቢገመትም፣ የግጦሽ መሬት መጥበብና የመኖ መወደድ አርቢውን እየተፈታተኑት ነው። መንገድና ተሽከርካሪ በተስፋፋበት ቦታ ፈረስ ለመጓጓዣ ያለው ተፈላጊነትም ይቀንሳል። ወጣቱ ፈረስ ማሳደጉን ከተወ ግልቢያውን፣ የኮርቻ ሥራውንና ጉግሱን የሚያወርሰው አይኖርም።

ለአርቢው ቀዳሚው ጉዳይ ጤና ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ ሲሆን ፈረስን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ትኩሳት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ፣ የዓይንና የራስ አካባቢ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ነፍሳቱ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ከዝናብ ወራት በኋላ፣ ከፀሐይ መግቢያ እስከ ንጋት በመሆኑ ፈረስን በምሽት በጋጣ ማሳደር ይጠቅማል። በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው አስቀድሞ ማስከተብ ያሻል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ አርሶ አደሩም በአቅራቢያው ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሊጠይቅ ይችላል።

ለጉግስ የሚወጣ ፈረስም ከበዓሉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ ሊለማመድ፣ በቂ መኖና ውኃ ሊያገኝ ይገባል። ጀርባው በኮርቻ የቆሰለ ወይም የሚያነክስ ፈረስ እስኪድን ድረስ ወደ ሜዳ ባይወጣ ለፈረሱም ለጋላቢውም ይበጃል። ዓድዋን በሚዘክር በዓል ላይ ለፈረስ የሚሰጠው ክብር ከጌጡ ይልቅ በዕለት ተዕለት አያያዙ ይገለጻል።