የክንዱ ብስለትና የካዝናው ጥድፊያ

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1973 የአርሊንግተን ስታዲየም ከ35,000 በላይ ሰው አጨናነቀው። መንገድ ላይ የቀረው ተመልካች እስኪገባ ጨዋታው ዘግይቶ ጀመረ። ያን ሁሉ ሕዝብ የጠራው ዴቪድ ክላይድ የተባለ የ18 ዓመት የቤዝቦል ወርዋሪ ነው፤ በዚያው ወር በተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆኖ የተወሰደና የታችኛውን ሊግ ሳይረግጥ ሜጀር ሊግ የገባ። በአምስት ኢኒንግ ስምንት መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ፣ ቡድኑ ቴክሳስ ሬንጀርስም ሚኔሶታን 4 ለ 3 ረታ። ጭብጨባው የሸፈነው ሌላ ቁጥር ግን ነበር፦ ኳሱን መስመር ማስያዝ አቅቶት ሰባት መቺዎችን በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አሳልፏል። እንዲህ ያለው ጉድለት የሚታረመው ታችኛው ሊግ ውስጥ፣ ሽንፈት ብዙ በማያስከፍልበት ሜዳ ነው። አሰልጣኙ ዋይቲ ኸርዞግ ልጁ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ወደዚያ እንዲወርድ ፈልጎ ነበር። የቡድኑ ባለቤት ቦብ ሾርት ግን የገንዘብ ችግር ነበረበት፤ ሰው የሚጠራለትን ልጅ አላወረደውም። ክላይድ ዓመቱን በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ጨረሰ።

ወጣት ወርዋሪ መቼ ይደግ ሲባል ክርክሩ ዘወትር ዕድሜ ላይ ይወድቃል። ዕድሜማ ቢሆን ኖሮ ቦብ ፌለር በ1936 ገና በ17 ዓመቱ ለክሊቭላንድ በአንድ ጨዋታ 17 ሰው ባላስወጣ ነበር። ድዋይት ጉደንም በ19 ዓመቱ በ1984 ለሜትስ 276 ሰው አስወጥቷል። ይሁንና ጉደን ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሊንችበርግ በታችኛው ሊግ 191 ኢኒንግ ወርውሮ 300 ሰው አስወጥቶ ነበር፣ ይምጣልኝ ብሎ የወተወተውም አሰልጣኙ ዴቪ ጆንሰን ነው። ልዩነቱ ያለው ውሳኔው ከማን አፍ እንደወጣ ላይ ነው፤ ክንዱን ካየው ወይስ ካዝናውን ከያዘው።

ሳንዲ ኮፋክስን የሚጠቅስ ተከራካሪ አይጠፋም። የዘመኑ ደንብ ከፍ ያለ የፊርማ ገንዘብ የወሰደ ልጅ ሁለት ዓመት ከዋናው ቡድን እንዳይለይ ያስገድድ ስለነበር በ1955 በ19 ዓመቱ ብሩክሊን ገባ፤ ከዚያም ታላቅ ሆነ። እውነት ነው፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ማን ያስታውሳል? 36 ድልና 40 ሽንፈት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውርወራ አይለመድም፤ የኮፋክስ ታላቅነት ደንቡ ቢኖርም የመጣ እንጂ በደንቡ የመጣ አይመስለኝም። ኋላ የተጎዳው የክላይድ ትከሻ ልጁ በዝግታ ቢያድግም ሊጎዳ ይችል ነበር የሚለውን ግን መካድ አይቻልም፤ አንድ ክንድ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ለትከሻው ተብሎ የተወሰነ ነገር አልነበረም፤ የተወሰነው ለትኬቱ ነው።

ኸርዞግ የዚያኑ ዓመት ሴፕቴምበር ተባረረ፤ ሾርት በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን ሸጠ። ክላይድ የመጨረሻ የሜጀር ሊግ ጨዋታውን በ1979 ሲወረውር 24 ዓመቱ ነበር።